ተጋድሜ የተሸከምኳት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት እኔ ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ከሰውነቷ ውጭ ያዋሐዱትን ጽንስ ወደ ማህፀኗ የመለሱላት በዚያው ጠዋት ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለው ሕክምና እዚሁ አዲስ አበባ አለ። ለመቀመጥም ለመነሳትም ፈርታለች። ሳል ሲመጣባት አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች።

«አክስቴ፣ ከተነሳሁ ይወድቅ ይሆን?» አለችኝ።

«ሐኪምሽ ምን አለሽ?»

«እንደ ወትሮሽ ሁኚ፣ ከባድ ነገር ብቻ አታንሺ አለኝ። ግን እንዴት አምነዋለሁ?»

ሐኪምሽን እመኚ አልኳት። የዛሬ ሐኪሞች መተኛቱ ራሱ ጥቅም የለውም ይላሉ፤ እነሱ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሆድ ውስጥ ያለውን ሳያዩት፣ ሳይሰሙት፣ ብቻን ሆኖ መጠበቅን ነው። ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን አስፍቼ የምጽፈው። እንደ እሷ የምትጠብቅ ሴት ብታነበው ደስ ይለኛል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ኮልፌ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተምር ነበር። ቀን ልጆች አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የቀበሌው መሠረተ ትምህርት ላይ አዋቂዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ባለቤቴ ግርማ የአሰብ መንገድ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር። ከሄደ ወር ሊሞላው ሲል ይመለሳል፤ በመንገዱ ላይ የወታደር አጀብ ከጠበቁ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የምንኖረው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ግቢው የአራት ቤተሰብ ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውሃ የሚቀዳው ከመንገድ ማዶ ካለው ቦኖ ነበር።

የመጀመሪያው ጽንስ የወረደብኝ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ነው። አምስተኛ ወር ይዤ ነበር። ሕመም የሚባል አልነበረኝም፤ ወገቤ ላይ ከበድ የሚል ነገር ብቻ ተሰማኝ፣ ከዚያ ውሃው ፈሰሰ። በሰፈሩ ክሊኒክ ያየኝ ሰው «መቆም በዝቶብሽ ነው፣ ልጅ ነሽ ትወልጃለሽ» ብሎ የደም ማነስ ክኒን ሰጥቶ ሸኘኝ። አመንኩት። ለምን አላምነው?

ሁለተኛው በዓመቱ፣ እንደዚያው አምስተኛ ወር ላይ ወረደ። አሁንም ሕመም የለ፣ ትኩሳት የለ፤ ሆዴ እንደ በሰለ ፍሬ ለቀቀው። መርካቶ አጠገብ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ «ማህፀንሽን ብርድ መቶታል» አሉኝና መርፌ ጀመሩልኝ። መርፌው ሲያልቅ ደግሞ ደም እንመርምር አሉ። ውጤቱ ሲመጣ ሰውየው በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቂጥኝ አለብሽ። ጽንሱን የሚያስወርድሽ እሱ ነው። ባለቤትሽንም አምጪው።»

ከዚያ ክሊኒክ እስከ ቤቴ በምን እንደመጣሁ አላስታውስም። ግርማ ከመንገድ ሲገባ ራቱን እስኪበላ ጠበቅኩና ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት ማለትሽ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ሹፌር ስለሆንኩ ነው?»

«ግርማ፣ የተባልኩትን ነው የነገርኩህ።»

«እኔ ግን አንቺን ብጠይቅስ?» አለ። ጮክ ብሎ አልተናገረም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሁለታችንም መርፌውን ተወጋን። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ቂጣችን አብጦ አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ እንተኛለን። በዚያ ዓመት የተነጋገርነው ስለ ጤፍና ስለ ጋዝ ብቻ ነው። የማናውቀውን በሽታ ተሸክመን እርስ በርስ ስንጠራጠር ኖርን። ያለብን የመሰለን በሽታ ጭራሽ እንዳልነበረን ያወቅነው በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሲወርድ ማንም አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። ጎረቤቶች እንደ መጀመሪያው ጊዜ አጥሚት ይዘው አልመጡም። ግቢያችን ውስጥ ያለችው ራዲያ የምትባል የስልጤ ሴት፣ ባሏ ከድር አጠና የሚነግድ፣ በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበር። እኔ ከበሬ ስወጣ ሕፃኑን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ክፋት አልነበራትም፤ ልጅ የሌላት ሴት ዓይን ያርፍበታል ተብሎ ሁሉም እናት የሚያደርገው ነው። እኔም ይህን አውቄ በግቢው ሳልፍ መሬት መሬት አያለሁ። እንዲህ እየሆነ፣ ሰው በሞላበት ግቢ ውስጥ ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ የምውልበት ቀን መጣ።

የግርማ እናት አስኮ ነበር የሚኖሩት። እሁድ እሁድ ይመጣሉ። አንድ እሁድ ግርማ ሳይኖር መጡ።

«ልጄ፣ ክፉ ሴት አይደለሁም» አሉኝ። «ግርማ ግን አንድ ነው። አባቱም አንድ ነበር። ዘር መቆም አለበት።»

«ምን ላድርግ እማማ?»

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ። እሱ ከሌላ ቢወልድ አንቺ አታኩርፊ ነው የምልሽ። ልጁን አንቺ ታሳድጊዋለሽ።»

«እሺ እማማ» አልኳቸው። እስከ ፌርማታው ሸኘኋቸው፤ አውቶቡሱ እስኪነሳም ቆሜ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄድኩት በአንዲት የተማሪ ቤት ባልደረባዬ ምክር ነው። ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ፣ ካርድ አውጥቼ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ አግዳሚ ላይ ሴቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሆዳቸው የገፋና ሆዳቸው ባዶ የሆነ። ሆዳቸው የገፋው እርስ በርስ ያወራሉ፤ ባዶዎቹ ግድግዳ እናያለን። አጠገቤ የነበረች ሴት ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን እኔ ላይ ጥላ «ቦታዬን ያዢልኝ» ብላ ገባች። ለብዙ ጊዜ ማንም ሰው ምንም ነገር ያዢልኝ ብሎኝ አያውቅም ነበርና ያቺን ነጠላ አቅፌ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ሽበት የጀመረው፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ሌሎቹ ያልጠየቁኝን ጠየቀኝ።

«ሲወርድብሽ ምጥ ነበረሽ? ቁርጠት?»

«አልነበረኝም።»

«ሦስቱም ጊዜ?»

«ሦስቱም ጊዜ። ከበደኝ፣ ከዚያ ወረደ።»

ደሜን እንደገና አስመረመረና ቂጥኝ የለብሽም፣ የፊተኛውም ምርመራ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ደም አንዳንዴ ሌላውን ነገር እሱ አስመስሎ ያሳያል አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ያለቀስኩት ለጽንሶቹ አይደለም፤ ከግርማ ጋር ጀርባ ለጀርባ ለተኛንበት ዓመት ነው።

ከዚያ እጁን ጨበጥ አድርጎ አሳየኝ። «ማህፀንሽ ጤነኛ ነው። አንድ ከረጢት አስቢ። ከረጢቱ ደህና ነው፣ የአፉ ማሰሪያ ግን ላልቷል። ውስጡ ያለው ሲከብድ አፉ ራሱን ይከፍታል። አርግዘሽ ሦስተኛ ወርሽን ስታልፊ ነይ፤ አፉን በክር እናስረዋለን። ከዚያ ትተኛለሽ።»

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የምተኛው?»

«እስክትወልጂ። ክሩ ከመውለድሽ በፊት መቆረጥ አለበት። ድንገት ምጥ ከመጣ፣ የትም ሆስፒታል ብትሄጂ፣ ማንም ቢያይሽ፣ መጀመሪያ ክር አለብኝ በይ። ካልተቆረጠ ማህፀንሽን ይተረትረዋል።»

አርግዤ ተመለስኩ፤ ክሩም ገባልኝ። የማይቀረው የመንገድ ሥራው እስኪደርስ ግርማ አብሮኝ ሰነበተ። የአልጋውን የግርጌ እግሮች ጡብ ላይ አቆመልኝ፤ ጭንቅላቴ ዝቅ፣ እግሬ ከፍ ብሎ እንድተኛ የታዘዘው እንደዚያ ነበር። ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ።

«ማን ያይሻል?»

«እኔው ራሴን አያለሁ» አልኩት።

እንዲህ ነው የጀመረው። የተማሪ ቤቱ ዳይሬክተር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጡኝ። ለማንም አርግዣለሁ አላልኩም፤ ሦስት ጊዜ «ማርያም ትቅረብሽ» ተብዬ ሦስት ጊዜ «እግዜር ያጥናሽ» ተብያለሁ። አራተኛውን ምርቃት መቀበል አልቻልኩም።

ለብቻ የሚተኛ ሰው ሰውነቱን እንደ ሌላ ሰው ነው የሚያስታምመው። በግራ ጎኔ እተኛለሁ፤ ጎኔ ሲደነዝዝ ትራሱን በጉልበቶቼ መሃል አድርጌ ቀስ ብዬ እገለበጣለሁ። እግሬ እንዳይያያዝ ቁርጭምጭሚቴን አሽከረክራለሁ። ለሽንት ፖፖ አልጋው ሥር አለ፤ እሱን የምትደፋልኝ፣ ውሃ የምትቀዳልኝና በሶ የምትበጠብጥልኝ በሳንቲም የያዝኳት የሰፈር ልጅ ናት፤ ጠዋት ተማሪ ቤት ከመሄዷ በፊት ብቅ ብላ ትሄዳለች። ማማጥ ክልክል ስለሆነ ሆዴ እንዳይደርቅ ተልባ በውሃ አሳድሬ ጠዋት እጠጣለሁ። ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ሆዴ ላይ ይዤ ነው የምስለው፤ አንዴ ጉንፋን ይዞኝ ያን ሰሞን የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። የውስጥ ልብሴን በየጊዜው አያለሁ። ነጭ ከሆነ ያ ሰዓት የኔ ነው፤ የሚቀጥለውን ሰዓት ደግሞ እጠብቃለሁ።

ከባዱ ግን ይህ አልነበረም። ከባዱ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ያለው ጸጥታ ነው። ልጆች ተማሪ ቤት፣ ሴቶች ገበያ ወይም ስብሰባ፣ ወንዶች ሥራ ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የራሴን ትንፋሽ እንኳን ያሳጣኛል። ሰው ሲያልፍ በጫማው አውቀዋለሁ፤ የላስቲኩን፣ የኮንጎውን፣ ባዶ እግሩን። አንድም እግር ወደ በሬ አይዞርም። ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ፊደል እቆጥር ነበር። ግድግዳውን እያየሁ ሀ ሁ ሂ እላለሁ።

የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ አንድ ቀን ገባች። ከደጅ ሳትጠራ ነው የገባችው።

«ጓድ በላይነሽ፣ ስብሰባ ላይ አትታዪም። መሠረተ ትምህርቱንም አቋርጠሻል።»

ነገሩን አስረዳኋት፤ የሐኪሙንም ወረቀት አሳየኋት። አልጋው የቆመበትን ጡብ አየች።

«ስንቷ እርጉዝ ሰልፍ ትወጣለች» አለች። «ሁሉም ከተኛ አብዮቱን ማን ይሠራዋል?» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ከኅብረት ሱቁ የስኳርና የዘይት ድርሻዬ ቀረ።

የግርማ እናትም መጡ። የመጡት ሊያግዙኝ መስሎኝ ነበር። የአልጋውን አቋቋም አይተው አማተቡ። «እግዜር ያልሰጠውን በክር ሰፍተው ይይዙታል?» አሉ፤ ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ። እኔ ተዘቅዝቄ እንደተኛሁ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ነው የሚፈሰው። ማልቀስ ሆድ ያነቃንቃል ብዬ እሱንም ተውኩት።

ራዲያ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የሰብሳቢዋን ንግግር ከደጅ ሰምታ ኖሯል። ሕፃኑን አዝላ፣ በእጇ ትንሽ ድስት ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

«የገብስ ሾርባ ነው» አለች። «ሥጋ ያልነካው ድስት ነው፣ እወቂ። ለብቻ ነው የያዝኩልሽ።»

አስቀመጠችውና ባልዲዬን አየች። ባዶ ነበር። ልጁን ከጀርባዋ አወረደችው። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አየች፤ ከዚያ እኔ አጠገብ ከግድግዳው በኩል አስተኛችው።

«ያዢልኝ፣ ውሃ ቀድቼ ልምጣ» አለችና ወጣች።

ልጁ ጆሮዬን ይዞ ጎተተኝ። የቅቤና የሽንት ሽታ አለው። እኔ እጄን ላነሳ ፈራሁ፤ በኋላ ግን ጀርባው ላይ አሳረፍኩት። ራዲያ ቦኖው ላይ ወረፋ ይዛ ቆየች፤ ስትመለስ ልጁ አጠገቤ ተኝቷል። ስላለፈው አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ስትቀዳ ልጁ እኔ አልጋ ላይ ነው። ቀኑ ያው ረጅም ነው፤ ግን መሃሉ ላይ አንድ ሰው የሚገባበት ሰዓት አገኘ።

ሐኪሙ ክሩን ለመቁረጥ ከቀጠረኝ ጊዜ በፊት፣ ስምንተኛ ወር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ወገቤን ያዘኝ። ይህኛው ከበድ የሚል አልነበረም፤ የሚጨምቅ ነው። ምጥን አላውቀውም ነበርና እስኪደጋግመኝ ተጠራጠርኩ። ከዚያ ግድግዳውን በማንኪያ ደበደብኩ። ራዲያ እጇን ሊጥ እንደነካ መጣች።

«ክር አለብኝ» አልኳት። «ሆስፒታል መድረስ አለብኝ።»

ከድር የዚያን ቀን አጠና የጫነ መኪና ተከራይቶ መንገዱ ዳር እያራገፈ ነበር። ራዲያ ጮሃ ጠራችው። ግማሹን አጠና እዚያው ጭቃው ላይ ጥለው፣ በቀረው ላይ ፍራሼን ዘረጉና እኔን ከነብርድ ልብሴ ተሸክመው አወጡኝ። ከተኛሁ ወዲህ ሰማይን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጦር ኃይሎች ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም ሰዎች ወደ ላይ አንጋጠው ያዩኛል። ራዲያ ራሴን ጭኗ ላይ ይዛ «አትግፊ፣ አትግፊ» ትለኛለች። እኔ «ክር አለብኝ፣ ክር አለብኝ» እላለሁ። ራሴን ብስት እንኳ አፌ ይህን እንዳይረሳ ብዬ ነው።

ማዋለጃ ክፍል የተቀበለኝ አንድ ወጣት ተለማማጅ ሐኪም ነው። ክፍሉ ሞልቷል፤ እሱም ተደናግጧል።

«ግፊ» አለኝ።

«አልገፋም። ክር አለብኝ።»

«የምን ክር? ግፊ እባክሽ፣ ልጁን ታፍኚዋለሽ።»

የጋውኑን እጅጌ ያዝኩ። «ዶክተር፣ እዩት። የማህፀኔ በር ታስሯል። መጀመሪያ ይቆረጥ።»

ሊያላቅቀኝ ሞከረ፤ አልለቀቅኩትም። ጎንበስ ብሎ መብራቱን አስጠጋና አየ።

«መቀስ ስጡኝ፣ ረጅሙን» አለ ለነርሷ። ወደኔም ዞሮ «ትንሽ ታገሺ እናቴ» አለኝ። ክሩ ሲቆረጥ አላመመኝም፤ የሆነ ነገር ሲለቀኝ ብቻ ተሰማኝ። ልጅቷ ብዙም አልቆየች።

አላለቀሰችም። እግሯን ይዘው ጀርባዋን መቱት፣ አፍንጫዋን ጠረጉላት፤ ከዚያ ድመት የመሰለ ቀጭን ድምፅ አወጣች። ሳላቅፋት ወደ ማሞቂያው ሳጥን ይዘዋት ሄዱ።

ሰው የወለደችን ሴት ደስተኛ ናት ይላል። እኔ እዚያ ዋርድ ውስጥ የነበርኩትን ያህል ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። በቀኝም በግራም ያሉት ሴቶች ጡታቸው ላይ ልጅ፣ አልጋቸው ዙሪያ ዘመድ አለ። የኔ አልጋ ዙሪያ ባዶ ነው፤ ልጄም መስታወት ውስጥ ናት። ራዲያ ልጆቿን ትታ መቆየት አልቻለችም። እግሬ ሟሽሾ ስለነበር ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው። ወተቴን በእጄ አልቤ በብርጭቆ ወስጄ ለነርሶቹ እሰጣለሁ፤ በመስታወቱ ትንሿን ደረቷን ከፍ ዝቅ ስትል እቆጥራለሁ። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ እንኳ መጠበቁ አላለቀም።

ግርማ የመጣው ልጅቷ ራሷ መጥባት ከጀመረች በኋላ ነው። ከግቢው ሰው ሆስፒታል መግባቴን ብቻ ሰምቶ፣ ቀጥታ ከመንገድ ነው የመጣው፤ ቅንድቡ ላይ አቧራ አለ። እኔን አልጋው ላይ ሲያየኝ ሆዴን አየ። ሆዴ ጠፍጣፋ ነው። እግሩ ሥር የነበረውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ግርማ» አልኩት።

«ግዴለም» አለ ከእጁ ውስጥ። «ግዴለም፣ አንቺ ትረፊልኝ።»

«ተነስ፣ እጅህን ታጠብ። ነርሷ ያልታጠበ ሰው አታስገባም።»

ፊቱን ገለጠ።

«ሴት ናት» አልኩት። «ትንሽ ናት።»

የግርማ እናት ቤት ከገባን በኋላ መጥተው ልጅቷን አቀፏት። ግንባሯን ሲያዩ «የእኛን ቤት መልክ ይዛለች» አሉ። ስለ ክሩ አልተነጋገርንም፤ እስኪሞቱም አልተነጋገርንም።

ብዙ ሴቶች ምን ልብላ፣ በየትኛው ጎን ልተኛ ይሉኛል። ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የኔ አተኛኘት የዚያን ጊዜ አተኛኘት ነው። ከኔ ልትወስዱ የምትችሉት ጥቂት ነው። አንድ ክሊኒክ የነገራችሁን ሌላ ሐኪም ሳያየው ትዳራችሁን አታፍርሱበት። በሰውነታችሁ ውስጥ የተደረገውን ነገር በስሙ እወቁት፤ ለሚነካችሁ ሁሉ ሳታፍሩ ተናገሩ። በር ላይ ድስት ይዞ የቆመ ሰው ካለ ግባ በሉት።

ልጄን ለክትባት ይዣት የወጣሁ ቀን ነው። ከኮልፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ሰው ሞልቷል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ፤ የልጅቷን ፊት ገለጥ አድርገው አዩ።

«ማርያም ታሳድግልሽ። የመጀመሪያሽ ናት?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲይዝ ልጄን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።

«አራተኛዬ ናት» አልኳቸው።

«ጎሽ፣ ጎሽ። ታላላቆቿስ? ለማን ትተሻቸው ወጣሽ?»

ልጅቷን በነጠላዬ መልሼ ሸፈንኳት። እሳቸው ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። እስከምወርድበት ፌርማታ ድረስ በእጃቸው እጄን ይዘው ተቀመጡ።